ነጠላ ያዘቀዘቀ እንስራ

ውሃ የነካው የድንጋይ ዱቄት የራሱ ሽታ አለው። ዝናብ አፈር ላይ ሲወርድ የሚሸተውን ዓይነት አይደለም፤ ያ ደስ ይላል። ይሄኛው ቀዝቃዛ ነው፣ በአፍንጫ ገብቶ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ። ከልጅነቴ ወዲህ ሸትቶኝ አያውቅም ነበር። ዴንቨር ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ባለ አንድ የመቃብር ድንጋይ መሥሪያ ቤት በር ላይ ስደርስ ግን መጥቶ መታኝ። ውስጥ ትልቅ መጋዝ ይጮሃል፤ ከላዩ ውሃ ይፈስበታል፤ ግራጫውን ድንጋይ እንደ ዳቦ ይከፍለዋል። ከሥሩ የሚወጣው ውሃ ወተት መስሎ ሲሚንቶው ላይ ይሄዳል። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ልጄ ሰላም መኪናውን ፓርክ አድርጋ ደረሰችብኝ። "አባዬ፣ አር ዩ ኦኬ? ደከመህ እንዴ?"

"ሙሴ ያኒ ሸተተኝ።"

"ማን?"

"ግቢ፣ ብርድ ነው" አልኳት።

የመጣነው ለወርቅነሽ ድንጋይ ልንመርጥ ነው። ወርቅነሽ ባለቤቴ ናት፣ የሰላም እናት። በመስከረም ቀበርናት፤ ኦሮራ፣ ከዴንቨር ጥግ፣ ዛፍ በሌለበት፣ ነፋሱ ከሜዳው ያለ ከልካይ በሚመጣበት ቦታ። ድንጋይ እስኪቆም ድረስ የመቃብሩ ሰዎች ስሟ ያለበት ትንሽ የብረት ምልክት ሣሩ ላይ ሰክተው ነበር። በረዶ በጣለ ቁጥር ትሸፈናለች። ሰላም በጓንቷ እየጠረገች ትፈልጋታለች።

ልጄ በየቀኑ ነበር የምትሄደው። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤት አትመጣም፣ ወደ መቃብር ነው። የመኪናዋ ትራንክ ውስጥ የሚታጠፍ ወንበር አለ፤ እሱን ዘርግታ ትቀመጣለች። ከጥቁር ጃኬቷ በላይ የእናቷን ነጠላ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ ትለብሳለች፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ይህን ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ በለቅሶው ሰሞን ሴቶቹን አይታ ይሆናል። መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ጥበቃው መጥቶ ነው የሚያስነሳት። ጓደኞቿ ደውለው ደውለው ተዉ። እህል ስሰጣት ሹካውን ይዛ ሌላ ቦታ ታያለች።

"ልጄ፣ ይበቃል፤ ሰው እንዲህ አይሆንም" ስላት፣

"ማሚ ብቻዋን ናት" ትለኛለች።

 እኔም በልጅነቴ ይችኑ ቃል ይዤ መቃብር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሚስቴን እግዜር ወሰዳት፣ እሺ። ልጄን ግን በቁሟ መቃብር እንዳይወስድብኝ፣ የዚያ ዊንተር ሐሳቤ ይሄ ብቻ ነበር።

የድንጋይ ቤቱ ሰውዬ አልበም አመጣልን። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሁሉም ነገር አለ፤ ተራራና አጋዘን አለ፣ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አለ፣ አንዱማ የጭነት መኪናውን አስቀርጾ ተኝቷል። ሰላም የመረጠችው የእናቷ ፎቶ የሚታተምበትን ነው። "ሉክ፣ ልክ እንደ እውነተኛ ፎቶ ነው የሚወጣው" አለች። እኔ በመስኮቱ ወደ ጓሮው ነበር የማየው። እዚያ፣ ለጥገና የመጡ አሮጌ ድንጋዮች ተደርድረዋል። አንደኛው ላይ ከድንጋዩ የወጣ እንስራ መሳይ ዕቃ ቆሟል፤ ከላዩ ጨርቅ ለብሷል፤ ጨርቁም ድንጋይ ነው።

"እንዲህ ያለ ነው የምፈልገው" አልኩ።

ሰላም ወጥታ አየችው። "አባዬ፣ ኖ። ይሄ ኧርን ነው። ሰው አቃጥለው አመዱን የሚያደርጉበት።"

"እንስራ ነው።"

"ኧርን ነው እኮ። ሰው ምን ይላል? ማሚን አቃጠሏት ነው የሚሉት። ቸርች ውስጥ በምን ዓይናችን እንገባለን?"

"እንስራ ነው አልኩሽ። የለበሰው ደግሞ ነጠላ ነው።"

ሰውዬውን በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀችው። እኔ ይቅርታ አልጠየቅኩም።

እነዚህ እንስራ መሳዮች ከኔ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። ዳውንታውን ፓርኪንግ ስሠራ፣ ከተቀመጥኩባት የመስታወት ቤት ፊት ለፊት አንድ የጥንት ሕንፃ ነበር። ጣሪያው ጠርዝ ላይ የድንጋይ እንስራዎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው የድንጋይ አበባ እንደ ሐብል ተንጠልጥሏል። ሰዉ ቲኬቱን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አያያቸውም፤ የሚያየው ሰዓቱን ነው። እኔ ግን ማለዳ ስገባ በሆዴ "እንዴት አደራችሁ" እላቸው ነበር። ሥራ ያስገባኝ ሰውዬ ጡረታ ወጣ፤ እኔም ወጣሁ፤ እነሱ እዚያው ናቸው።

ሙሴ ያኒ ግሪክ ነበር፣ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ፤ ፈረንጁን ሁሉ «ሙሴ» ነው የምንለው። ግቢው ድሬዳዋ ነው፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ። ድሬዳዋ ያን ጊዜ ግሪኩም አርመኑም ፈረንሳዩም ሞልቶባታል፤ ሰው በሞላበት ሟች አይጠፋምና ሙሴ ያኒ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እብነ በረዱ ከጅቡቲ በባቡር ይመጣለታል፣ በጣውላ ሳጥን፣ በገለባ ተጠቅልሎ። ገለባውን እኛ የሰፈር ልጆች እንሻማበታለን፤ የባሕር ሽታ አለው እየተባባልን። ባሕር ግን አንዳችንም አላየንም።

ግቢው መሐል አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ነበር። ከሥሩ ሙሴ ያኒ፣ በካኪ ቁምጣና በገለባ ባርኔጣ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መሮውን ይመታል። ምቱ አይቸኩልም፤ ቆም ይላል፣ ይነፋል፣ እንደገና ይመታል። ቅንድቡና ጢሙ ሁልጊዜ ነጭ ዱቄት ነው። ያረጀ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ ታጥቦ ለፋሲካ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲሄድ አየሁት፣ ለካ ጢሙ ጥቁር ነው። ምሳው ከቆርቆሮ የሚወጣ ጨው የበላው የወይራ ፍሬ ነበር። አንድ ቀን አንዷን ሰጠኝ፤ ከረሜላ መስላኝ ነክሼ ተፋኋት። አነሳና አጥቦ ራሱ በላት።

አማርኛው ልዩ ነበር። ሴቱንም ወንዱንም፣ አህያውንም ጭምር፣ "አንቺ" ነው የሚለው። የጣቢያውን ሹም "አንቺ ደህና አደርሽ?" ብሎት ሹሙ ወር ሙሉ አኩርፎታል ይባላል።

እናቴ ውሃ ሻጭ ነበረች። ድንጋይ ያለ ውሃ አይለሰልስም፤ አሸዋና ውሃ እያፈሰሱ በሌላ ድንጋይ ሲያሹት ነው መስታወት የሚሆነው። ስለዚህ የሙሴ ያኒ ግቢ እንደ ግመል ይጠጣ ነበር። እማዬ ከቦኖው ቀድታ፣ የእንስራውን አፍ በቅጠል ወትፋ፣ በጀርባዋ አዝላ ከማለዳ እስከ ረፋድ ትመላለሳለች። እኔ ጭራዋ ነኝ፣ ቀሚሷን ይዤ። በርሜሉ ውስጥ ስትገለብጠው የሚያሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ጎላ ይላል፣ በርሜሉ ሲሞላ ይቀጥናል።

ሙሴ ያኒ የጨረሳቸው ድንጋዮች በግንቡ ጥግ ቆመው ባለቤቶቻቸውን ይጠብቃሉ። እማዬ ትንፋሿን እስክትሰበስብ እያንዳንዳቸውን ትጠይቀው ነበር። ከወገቡ የተቆረጠ ምሰሶ ነበር። "ይሄን ምን ሰበረው?" ስትለው፣ "ልጅ ሆና የሞተች ናት" አላት። የገባን ቆይቶ ነው፤ ሟቹ ወጣት ወንድ ነበር፣ የባቡር ሠራተኛ። እማዬም አንገቷን ነቅንቃ፣ "የቤቱ ምሰሶ ነው በላ፤ እኛም እንዲሁ ነው የምንለው" አለች። ሌላው ላይ እሳቱ ወደ ታች የዞረ ችቦ ነበር። እሱን ስታይ ሳቀች። "ችቦ ማን ያዘቀዝቃል፣ ሙሴ? ቀሚስ ለማቃጠል ካልሆነ።"

ከሁሉም የበዛው ግን ያ እንስራ መሳዩ ነው፤ እግር ያለው፣ ክዳን ያለው፣ ጨርቅ የተጣለበት።

"በዚህ ምን ይቀዱበታል?" አለችው።

"ምንም። ባዶ ናት።"

"እንግዲያው ባዶውን ለኔ ይስጡኝና የሞላውን እርስዎ ይሸከሙ።"

ሙሴ ያኒ ሲስቅ ዱቄቱ ከጢሙ ይረግፋል። ከዚያ ስቆ ሲያበቃ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት ዕቃው ይሸፈናል፣ ሰው መጥቶ ሲያየው ይቺ ቤት ሰው ጎድሎባታል ይላል፣ እያለ በዚያ አማርኛው አስረዳት። እማዬ ጨርቁን በጣቷ ነካችው። "እውነተኛ ጨርቅ ይመስላል። ይታጠባል እንዴ?" አለችና እንስራዋን አንስታ ወጣች።

በዚያው ዓመት ወባ ገባ። እማዬ ጠዋት ውሃ ቀድታ፣ ከሰዓት ተንቀጥቅጣ፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀበሯት። የድሀ መቃብር ነው፤ የተቆለለ ጠጠር ብቻ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ፣ ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ፣ ለራሷ ልጅ ያልወለደች ሴት፣ እጄን ይዛ ወደ ቤቷ አስገባችኝ።

እኔ ግን እዚያ ቤት አልዋልኩም ማለት ይቻላል። ጎሕ ሲቀድ እወጣለሁ፣ ደቻቱን እሻገራለሁ፣ ጠጠሩ ጎን እቀመጣለሁ። ልጆቹ ወንዙ አሸዋ ላይ የጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። እትዬ ጥሩነሽ ሳምቡሳዋን ለሰው አደራ ብላ ትመጣና ጆሮዬን ይዛ ትጎትተኛለች።

"አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው? ፀሐይ ሊገድልህ ነው እኮ።"

"እማዬ ብቻዋን ናት።"

ጆሮዬን ትለቀዋለች። ከዚያ እሷም አጠገቤ ትቀመጣለች። ሥጋዬ እያለቀ ሄደ፤ እትዬ ጥሩነሽ ለጎረቤት "ይሄ ልጅ እናቱን ሊከተል ነው" ስትል ሰምቻለሁ።

ሙሴ ያኒ ወደ መቃብሩ የመጣው ሌላ ውሃ ሻጭ ከያዘ በኋላ ነው። ልጁስ የት ገባ ብሎ ሲጠይቅ ነገሩት። ባርኔጣውን አውልቆ ጠጠሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ባርኔጣውን መልሶ ደፍቶ ሄደ። ቆይቶ በጋሪ ተመለሰ። ጋሪው ላይ ከሌላ ሥራ የተረፈ፣ ጉልበቴ ድረስ የሚሆን እብነ በረድ ነበር።

እኔ ነኝ መጀመሪያ ያወቅኩት። ከእነዚያ እግርና ክዳን ካላቸው የፈረንጅ ዕቃዎች አልነበረም። የእማዬ እንስራ ነው፤ ታቹ ድቡልቡል፣ ጎኑ ላይ ሁለት ጆሮ፣ ሆዱ ላይ ገመዱ የፋቀው መስመር፣ አፉ ላይ እንኳ የተወተፈው ቅጠል አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ስትገባና ስትወጣ ሰውዬው ቀና ሳይል አይቶታል። ከላዩ ነጠላ አልብሶታል። ጥለቱን ጭረት በጭረት ለቅሞ አውጥቶታል፣ ታች ጠርዙ ላይ።

እትዬ ጥሩነሽ ጋሪውን ዞረችው። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ሙሴ፣ ማን ሞቶ ነው?"

ወደ ጠጠሩ ጠቆመ።

"ታዲያ ይቺ ወዴት ናት? ሠርግ ልትሄድ ነው? ጥለቷን ወደ ታች ጥላ ለቅሶ የምትቆም ሴት የት ነው ያዩት?"

አልገባውም። እሷም ነጠላዋን ከትከሻዋ አወለቀችና እንዲህ ሲሆን ደስታ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ገበያ ነው፤ ጥለቱ ወደ አንገት ሲመጣ ግን ሐዘን ነው እያለች ሁለቱንም ለብሳ አሳየችው። ሙሴ ያኒ አፉን ከፍቶ አያት። ስንት ዓመት እዚያ አገር ኖሯል፤ ሴቶቹን በየለቅሶው አይቷቸዋል፤ ይህን አላየውም። "አዎ" አለ። ባለ ጋሪውን መልስ አለው።

ድንጋይ ሊጥ አይደለም፤ አይጨመርበትም። ጥለቱን ወደ ላይ ለማምጣት ሙሴ ያኒ የሠራውን ጨርቅ በሙሉ ጠርቦ መጣልና ከሥሩ ሌላ ማውጣት ነበረበት። ሲመለስ ጥለቱ አንገቱ ላይ ነው፣ እንደሚገባው። እንስራው ግን ቀጥኗል፤ ሆዱ ጎድሏል፣ ጆሮዎቹ ሾለው ወጥተዋል። ራሱም አይቶታል፤ ሲያወርደው ፊቱ ላይ ሐፍረት ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ ቀረብ ብላ ዳሰሰችው። "ሐዘን አክስቶት ነው" አለች። "አሁን ልክ ነው።"

ድንጋዩን ጠጠሩ መሐል አቆሙት። ከዚያ ሙሴ ያኒ ፊቴ ቁጢጥ አለ። ያ የእርጥብ ድንጋይ ሽታው አለበት። በመሮ የሻከረ ጣቱን ወደ እንስራው ዘረጋ።

"ይቺ ታለቅሳለች" አለኝ። "ቀን ታለቅሳለች፣ ሌሊት ታለቅሳለች። እንጀራ አትፈልግም። አትታመምም። ሥራዋ ናት። አንቺ ሂጂ፣ ተጫወቺ።"

እትዬ ጥሩነሽን አየኋት። ፊቷን አዞረችብኝ። ተነሣሁ።

ሙሴ ያኒ እኔ ጎርምሼ ባቡር ላይ ዕቃ ማውረድ ስጀምር አካባቢ ሞተ። የሰዉን ሁሉ እንስራና ችቦ ሲጠርብ ኖሮ፣ ለሱ የሚጠርብለት ሰው አልነበረም፤ ስሙ ብቻ ያለበት ዝርግ ድንጋይ ጣሉበት። በቀብሩ ዕለት ግን እነ እትዬ ጥሩነሽ፣ የሰፈሩ ውሃ ሻጮች ሁሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከግሪኮቹ ኋላ ቆሙ። ግሪኮቹ እነዚህ ደግሞ ምኑ ናቸው ብለው እየዞሩ ያዩ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሰላም የነገርኳት ያን ቀን ከድንጋይ ቤቱ ስንመለስ፣ ሃይዌይ ላይ ነው።  ኦሮራ መውጫው ላይ ስንደርስ፣

"ግን አባዬ፣ ማሚ እኮ እንስራ ተሸክማ አታውቅም" አለችኝ።

"ሱዳን፣ ገዳሪፍ ካምፕ ውስጥ ውሃ ስትቀዳ የኖረችው ማን ሆነችና?"

"እሱ ጀሪካን ነው። ራስህ ነህ የነገርከኝ፣ ቢጫ ጀሪካን።"

"ታዲያ ጀሪካን ላስቀርጽላት?"

ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ወዲያው ግን እንደ ጥፋት ቆጥራው ዋጠችው፤ እያየሁ ዋጠችው። "አባ ይፍረዱን" አለች።

አባ የንስሐ አባታችን ናቸው። ሰላም ከሷ ጋር ይሆናሉ ብላ እንደሆነ አውቄያለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልኳን አውጥታ የዚያን አሮጌ ድንጋይ ፎቶ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት።

"ጋሽ በየነ፣ ይሄ እንኳ አይሆንም። የሚያቃጥሉት ሰዎች ዕቃ ነው፤ ልጅቷ እውነቷን ነው።"

"አባታችን፣ የሰዎቹ ዕቃ እግርና ክዳን አለው። እኔ የምለው እንስራ ነው። እንስራ እግር የለውም፤ ካልደገፉት ይወድቃል።"

"እንስራ ከሆነማ" አሉ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መልሰው፣ "ሳምራዊቷም እንስራዋን ይዛ ነው ጌታን ያገኘችው። ከዚያ እዚያው ትታው ነው የሄደችው።" ወደ ሰላም ዞሩ። "ትታው ነው የሄደችው፣ ልጄ።" ከዚያ ለኔ፣ "ብቻ እግር እንዳያወጡለት ይጠንቀቁ" ብለው ሳቁ።

ድንጋይ ቤቱ ስንመለስ የወርቅነሽን ነጠላ በፌስታል ይዘን ሄድን። ሰውዬው አንድ ድቡልቡል ማሰሮ ፈልጎ አመጣ፤ ነጠላውን አልብሰነው ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሣ። እኔ በጣቴ እያሳየሁ ክዳኑን አስወገድኩ፣ እግሩን አስወገድኩ፣ ጆሮ አስወጣሁ። ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ ወይም ሽማግሌ መከራከር ሰልችቶታል። ከዚያ የጨርቁን ጠርዝ ይዞ የሆነ ነገር ጠየቀ። እኔ እንግሊዝኛዬን እስካሰናዳ ሰላም ቀደመችኝ። ነጠላውን ከእጁ ወሰደችና ጥለቱን ወደ ማሰሮው አንገት አመጣችው። "አፕ" አለችው። "ሺ ኢዝ ሞርኒንግ።" ሐዘን ላይ ናት ማለቷ ነው።

ድንጋዩ የቆመው ለሙት ዓመቷ ነው። ግራጫ ነው፣ አያብረቀርቅም። አንዳንዱ ሰው ቆሞ ግራ ተጋባ፤ ፎቶዋ የት አለ ያሉም ነበሩ። አንዲት ሞንትቤሎ ሰፈር ስንኖር ጎረቤታችን የነበሩ ባልቴት ግን ገና ከመኪና ሲወርዱ አዩትና፣ "ውይ፣ አዘቅዝቃለች" ብለው አፋቸውን ያዙ። ለኔ ያ በቃኝ።

ጸሎቱ አልቆ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሴቶቹ ወደ ሰላም ሄዱ። ዓመት ሞላ፣ ከእንግዲህ ሐዘን ይብቃሽ ብለው ነጠላዋን ሊያዞሩላት ነው፤ ወጉ ነው። እሷ ጥለቱን አንገቷ ላይ በሁለት እጇ ያዘች። "ኖት ዬት፣ ገና ነው" ትላለች። "ፕሊስ፣ እትዬ። ኖት ዬት።" ሴቶቹ እኔን አዩኝ።

ሄጄ ክንዷን ያዝኩና ድንጋዩ ጋ ወሰድኳት። እጇን አንሥቼ ጥለቱ ላይ አሳረፍኩት። ድንጋዩ ቀን ሙሉ ፀሐይ በልቶ ሞቆ ነበር።

"ይሄ አይወርድም" አልኳት። "በረዶ ቢጥል አይወርድም፣ እኔ ብሞት አይወርድም። ይሄ ድንጋይ ያለቅሳል። ሥራው ነው። አንቺ ሂጂ።"

"ወዴት?"

"እኔ ምን አውቄ። ጓደኞችሽ ወዳሉበት።"

 ጣቷ ጥለቱን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፣ ጭረት በጭረት። ሰዉ ወደ መኪናው መበተን ጀመረ። እኔም ልተዋት ብዬ ፈንጠር አልኩ። ዞር ስል እጆቿ ትከሻዋ ላይ ነበሩ፤ ነጠላውን አንሥታ፣ ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ታች ለቀቀችው። ማንም አልረዳትም።

ከዚያ ሳምንት በኋላ የሚታጠፈው ወንበር በረንዳዬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከመኪናዋ አውርዳው ነው። ማታ ማታ እኔ ነኝ የምቀመጥበት። አንድ ቀን እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ደወለች። ከበስተኋላዋ ሙዚቃ አለ፣ የሰው ሳቅ አለ።

"አባዬ፣ ዛሬ ማሚ ጋ አልሄድኩም። ፍሬንዶቼ ጋ ነኝ። ትቀየመኛለህ?"

"እራት በልተሻል?"

"እየበላሁ ነው።"

"እንግዲያው ስልኩን ዝጊና ብዪ" አልኳት።

የእናቴ ድንጋይ ዛሬ ይኑር አይኑር አላውቅም። ደቻቱ በየጊዜው ይሞላል፤ ያገኘውን ይወስዳል፤ ምናልባት ያ የከሳ እንስራ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይሆናል፣ ወይም አንዱ ለቤቱ መሠረት ጥሎት ይሆናል። አልቆጭም። ያን ቀን ሙሴ ያኒ ሂጂ ሲለኝ ከጠጠሩ ተነሥቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ልጆቹ የጨርቅ ኳሳቸውን ይለጉ ነበር። አንዱ፣ ስሙን የረሳሁት፣ ወዴት ጠፍተህ ነው እንኳ ሳይለኝ ኳሷን ወደ እግሬ ላካት። አሸዋው ገና ትኩስ ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ኳሷ እስክትፈታ፣ እትዬ ጥሩነሽ ከወንዙ ዳር ሆና ስሜን እየጠራች እስክትቆጣኝ ድረስ ተጫወትኩ።